አንድ ቡሎን ለመቀየር ስንት ወር ይፈጃል?

ጥያቄው፦ «ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ የተባለው መዝናኛ ፓርክ ከተዘጋ ወዲህ ልጆቹን የምንወስድበት ቅርብ ቦታ ጠፋ። ባለፈው ቅዳሜ ሁለቱን ልጆቼንና የወንድሜን ልጅ ይዘን ከሜሪላንድ አራት ሰዓት ነድተን ሌላ ፓርክ ሄድን። ትልቁ ሮለር ኮስተር ላይ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ተሰልፈን ልንደርስ ስንል ቆመ። ሃምሳ ደቂቃ አስጠብቀውን ውጡ አሉን። ልጄ በዩቲዩብ ሲያየው የከረመው ሌላው ደግሞ ከግንቦት ጀምሮ ዝግ ነው፣ መቼ እንደሚከፈትም አይታወቅም ተባልን። ባለቤቴ መካኒክ ነው። ‹ይሄ እኮ አንድ ቡሎን ወይ አንድ ሴንሰር ነው፣ በአንድ ሰዓት እቀይረዋለሁ› ይላል። ለምንድነው እንዲህ ቶሎ ቶሎ የሚበላሹት? ተጠግኖ ሲከፈትስ ልጆቼን ላሳፍራቸው? ገንዘባችንስ?»

ከባለቤትሽ ልጀምር። ልክ ነው። ቡሎን መቀየር አንድ ሰዓትም አይፈጅም። እኔም አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደግኩ ነኝ። ሶማሌ ተራ ዕቃው ከጠፋ ቶርኖ ቤት ወስደህ ታስቀርጻለህ፣ ማታ መኪናው ይሄዳል። አሜሪካ መጥቼ አንድ ፓርክ ጥገና ክፍል ስቀጠር በመጀመሪያው ወር የተበጠሰ ቡሎን አገኘሁና አዲሱን ልገጥም ተነሳሁ። አለቃዬ ስብርባሪውን ከእጄ ተቀብሎ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከተተው፣ ቁጥር ጻፈበት፣ ቀኑን ጻፈበት። «የት ልትወስደው ነው?» ብለው «ላቦራቶሪ» አለኝ። ቡሎን እንደ ደም ምርመራ ላቦራቶሪ ሲላክ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ወደሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ጥያቄሽ ውስጥ ሁለት ነገር ተቀላቅሏል። ወረፋ ላይ እያላችሁ የቆመው አንድ ጉዳይ ነው። ከግንቦት ጀምሮ የተዘጋው ሌላ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ ብልሽት እንኳ አይባልም።

የተለመደው ሮለር ኮስተር ባቡሩ ላይ ሞተር የለውም። ሰንሰለት ጎትቶ ከፍታው ላይ ያወጣዋል፣ ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ መውደቅ ነው። አንድ ሐዲድ ላይ ደግሞ ሁለት ሦስት ባቡር ይሄዳል። እንዳይጋጩ ሐዲዱ በክፍል በክፍል ተከፍሏል፤ ብሎክ እንለዋለን። በአንድ ብሎክ አንድ ባቡር ብቻ። የፊተኛው ካልወጣ የኋለኛው አይገባም፣ ብሎኩ መጨረሻ ላይ ያለው ፍሬን ይይዘዋል። ባቡሩ ማለፉን የሚናገሩት ሐዲዱ ጎን የተተከሉ አውራ ጣት የሚያህሉ ሴንሰሮች ናቸው። አንዱ «አለፈ» ብሎ ቀጣዩ በተባለው ሰከንድ ውስጥ ካላየው፣ ወይም የኮምፒውተሩ ሁለት ፕሮሰሰሮች የተለያየ መልስ ከሰጡ፣ ሁሉም ነገር ይቆማል። ኮምፒውተሩ «እስኪ ትንሽ እንይ» አይልም። በብርሃን የሚሠራ ሴንሰር ላይ ሸረሪት ድር አድርታ ባቡር ሙሉ ሰው ስታስቆም አይቻለሁ።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚናደደው። «ታዲያ አጥፍቶ ማብራት ነው እንጂ!» ቁልፉን የሚጫነው ልጅ ግን ያንን እንዲያደርግ አይፈቀድለትም። መካኒክ ይጠራል። መካኒኩ ባቡሮቹ የት የት እንዳሉ በዓይኑ አይቶ ያረጋግጣል፤ ኮምፒውተሩ የሚለውን አያምንም፣ ምክንያቱም የተጣላነው ከእሱ ጋር ነው። ሰንሰለቱ ላይ የቆመ ባቡር ካለ ሰዎቹ አንድ በአንድ በደረጃ ይወርዳሉ፣ የሚፈራ ሰው ካለ እጁን ይዞ የሚያወርደው አለ። ከዚያ ባዶ ባቡር ደጋግሞ ይላካል። ሃምሳ ደቂቃሽ የሄደው እዚያ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ንፋስ፣ መብረቅ፣ ሐዲዱ ላይ የወደቀ ስልክ። ገና ሲነጋ ብርድ ከሆነ ግራሶው ይወፍራል፣ የጎማው ላስቲክ ይደርቃል፣ ባቡሩ እየተንቀራፈፈ ይሄድና ኮረብታውን ሳይጨርስ ይቀራል። አንዳንዴ ደግሞ ልጅ ባቡሩ ውስጥ አስመልሶ ነው። ይህንን በድምፅ ማጉያ አይናገሩትም፣ «ቴክኒካል ችግር» ይሉሻል።

ስለዚህ «ቶሎ ቶሎ ይበላሻሉ» የሚለውን አልቀበልም። ቶሎ ቶሎ ይቆማሉ። እኔ የምፈራው በዓመት አንድ ቀን ቆሞ የማያውቀውን ነው።

አሁን ከግንቦት ጀምሮ ወደተዘጋው እንምጣ።

ልጅ ሆነን የሽቦ መኪና ስንሠራ መቁረጫ አልነበረንም። ሽቦውን ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ እናጥፈዋለን፣ ይሞቃል፣ ከዚያ ቀጭ ብሎ ይበጠሳል። አንዴ ብታጥፊው ምንም አይሆንም። ሃያ ጊዜ ስታጥፊው ግን ያበቃለታል። የብረት ድካም የሚባለው ይህ ነው። ሮለር ኮስተር በቀን ስንት መቶ ጊዜ ይዞራል፣ ምሰሶውና አክሱሉ በዞረ ቁጥር በጣም በትንሹ ይታጠፋል። በትክክል ከተሠራ ይህ ታስቦበታል፣ ለብዙ ዓመት ይችላል። ብየዳው ላይ ትንሽ እንከን ካለ ግን ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል።

በብርዱ ወራት ፓርኩ ሲዘጋ ባቡሮቹን እስከ መጨረሻው ዳዶ እንፈታቸዋለን። አክሱሉ ይታጠባል፣ ቀለሙ ይነሳል፣ በማግኔት ይያዝና የብረት ብናኝ ያለበት ፈሳሽ ይረጭበታል። ከዚያ መብራቱ ይጠፋና የአልትራቫዮሌት መብራት ይበራል። ደህና ከሆነ ጨለማ ነው። ስንጥቅ ካለ ከፀጉር የቀጠነች አረንጓዴ መስመር ታበራለች። በባዶ ዓይን ታጥቦ የተወለወለ ውብ ብረት ነው የምታዪው፣ በዚያ መብራት ሥር ግን ያቺ መስመር እንደ እባብ ተጋድማ አለች። መጀመሪያ ያየሁ ቀን፣ ያ አክሱል እስከ ባለፈው ጥቅምት ድረስ ሰው ተሸክሞ እንደነበር ሳስብ እግሬ ቄጤማ ሆነ።

እንግዲህ ስንጥቅ ሲገኝ ምን ይደረጋል? ባለቤትሽ «በይደው» ሊል ይችላል። አይበየድም፤ ማለቴ፣ ፋብሪካው ራሱ ዲዛይኑን አይቶ እንዲህ በይዱት ካላለ በቀር። ስንጥቁ የመጣበት ምክንያት ካልታወቀ የበየድሽው ቦታ ጎን ላይ ሌላ ይወጣል። የታወቀውን ልንገርሽ። በ2023 ሰኔ መጨረሻ ላይ ሰሜን ካሮላይና ካሮዊንድስ ፓርክ ያለው ፉሪ 325 የተባለው ኮስተር፣ 99 ሜትር ከፍታ ያለው፣ አንድ ምሰሶው ከላይ ተሰንጥቆ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ሲላቀቅ አንድ ጎብኚ በስልኩ ቀረጸው። ወዲያው ተዘጋ። ከቀናት በፊት ሌሎች ሰዎች ያነሷቸው ፎቶዎች ላይም ስንጥቁ ይታይ ነበር፣ ይህ ለኛ ለመካኒኮች የሚያሳፍር ነው። ከዚያ አዲስ ምሰሶ ተሠርቶ መጣ፣ ባቡሩ ባዶውን 500 ጊዜ ዞረ፣ የግዛቱ ተቆጣጣሪዎች አዩትና ነሐሴ 10 ቀን ተከፈተ። በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው። ስድስት ሳምንት ገደማ ማለት ነው። ሰው «ስድስት ሳምንት ሙሉ!» አለ። እኔ ፍጥነታቸው ነው የገረመኝ። እንደዚያ ያለ ምሰሶ መጋዘን ውስጥ ተደርድሮ የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም።

ይህ ነው ትልቁ ልዩነት። ቶዮታ ቢሊዮን ጊዜ የተሠራ ዕቃ አለው። አንድ ትልቅ ኮስተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ለዚያ ቦታ ብቻ ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ነው። ፋብሪካዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፦ ኢንታሚን ሊችተንስታይን፣ ቢ ኤንድ ኤም ስዊዘርላንድ፣ ማክ ጀርመን፣ ቬኮማ ኔዘርላንድ፣ ዛምፔርላ ጣሊያን። ዕቃው እዚያ ይታዘዛል፣ ይሠራል፣ ይመረመራል፣ ይጫናል። የፋብሪካው መሐንዲስ ራሱ አውሮፕላን ተሳፍሮ ካልመጣ የማይነካ ክፍልም አለ። ኩባንያው ከነጭራሹ የጠፋበትም አለ፤ በአንድ ወቅት የአሜሪካን ግማሽ ፓርክ ያስጌጠው የዩታው አሮው ኩባንያ በ2001 ከስሯል፣ የሠራቸው ግን ዛሬም የሚዞሩ አሉ። የእነሱን ዕቃ ፍለጋ የኔን ፀጉር አሸብቶታል።

ልጅሽ በዩቲዩብ ያየውን ስሙን አልነገርሽኝም፣ ግን ሳልጠረጥር አልቀረሁም። ዩቲዩብ ላይ የሚገኑት ረጃጅሞቹና የሚወነጨፉት ናቸው፣ ብዙ የሚቆሙትም እነሱው ናቸው። ኦሃዮ ሲዳር ፖይንት ያለውን ውሰጂ። ቶፕ ትሪል ድራግስተር በ2003 ሲከፈት 128 ሜትር ከፍታ ነበረው፣ በሃይድሮሊክ ተወንጭፎ በሰዓት 193 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር። አንዳንዴ ጫፉ ላይ ሳይደርስ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ይህ ታስቦበት የተሠራ ነው፣ ፍሬኖቹ ይቀበሉታል። በነሐሴ 2021 ግን ባቡሩ ለሴንሰር የሚታይበት ትንሽ የብረት ቁራጭ ተነቅሎ ወረፋ ላይ የነበረች ሴት ጭንቅላቷን መታት፣ ክፉኛ ተጎዳች። ተመልከቺ፣ ተሳፋሪ አልነበረችም፣ ቆማ የምትጠብቅ ሰው ነበረች። ያው ኮስተር እንደ ድሮው ዳግም አልተከፈተም። ዛምፔርላ ማወንጨፊያውን በማግኔት ቀይሮ፣ ሁለተኛ ማማ ጨምሮ ቶፕ ትሪል 2 ብሎ ግንቦት 2024 ከፈተው። ከሳምንት ብዙም ሳይበልጥ ባቡሮቹ ላይ ማሻሻያ ያስፈልጋል ተባለና ተዘጋ፣ ያን ዓመት ሳይከፈት ቀረ። የተከፈተው በ2025 ግንቦት ነው። የሙቀቱን ወራት ሙሉ እዚያ ድረስ ነድቶ በአጥር ፎቶ አንስቶ የተመለሰ ቤተሰብ ብዛት!

ባለቤትሽ «አንድ ዓመት ምን ሲሠሩ ከረሙ?» ቢልሽ፣ የኔን ቡሎን ንገሪው። የላቦራቶሪው ውጤት በአምስተኛው ሳምንት መጣ። ቡሎኑ ጤነኛ ነው አለ። ከመጠን በላይ ጠብቆ ነው የተበጠሰው። ማን አጠበቀው ተብሎ መዝገቡ ሲታይ በትክክለኛው ቁጥር ነው የተጻፈው። በመጨረሻ ጥፋተኛው ተገኘ፦ ቡሎን በስንት ኃይል እንደጠበቀ የሚለካው መፍቻ፣ ቶርክ ሬንቹ፣ ራሱ ልኬቱ ተዛብቷል። መፍቻው ዋሽቶናል። ስለዚህ በዚያ ሬንች ያን ዓመት የጠበቀ ቡሎን ሁሉ መፈታት ነበረበት። ከመዝገብ እያወጣን ቆጠርነው፣ ከሁለት መቶ በላይ ሆነ። ግማሹ ክሬን ካልመጣ የማይደረስበት ቦታ ነው። ወርና ሳምንቱ የሚያልቀው እዚህ ነው። የተበጠሰውን ብቻ ቀይረን ብንከፍተው ኖሮ ማንም አያውቅብንም ነበር፤ ለተወሰነ ጊዜ።

አንዳንዴ ደግሞ ሒሳቡ ለጥገና አይሆንም። ኒው ጀርሲ የነበረው ኪንግዳ ካ፣ 139 ሜትር፣ በዘመኑ በዓለም ረጅሙ፣ ስሙን ያተረፈው በከፍታው ብቻ ሳይሆን በመቆምም ነው። በ2005 በተከፈተ በሳምንታት ውስጥ ቆሞ ወደ ሁለት ወር ተዘጋ፣ በ2009 መብረቅ መቶት ደግሞ ወራት ፈጀ። በ2024 ኅዳር ላይ ዘጉት፣ በየካቲት 2025 በፈንጂ ጣሉት። ቨርጂኒያ ኪንግስ ዶሚኒየን የነበረውን ቮልካኖ የምታስታውሱ ካላችሁ፣ እሱም በ2018 ቆሞ በዚያው አልተመለሰም። የአሜሪካ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ዱባይ ያሉ ዘመዶች ዓይን ዱባይን ይጠይቁሽ፣ 250 ሜትር የሚረዝመውን ጎማ፤ በ2021 ጥቅምት ተከፍቶ፣ በ2022 መጋቢት ተዘግቶ፣ ዳግም ሰው ያሳፈረው በ2024 መጨረሻ ነው። ስለዚህ «ዝግ ነው፣ መቼ እንደሚከፈት አይታወቅም» ሲሉሽ ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው። የመለሰልሽ ልጅ ቀርቶ መሐንዲሱም አያውቀውም።

ልጆቼን ላሳፍር ወይ ላልሽው፦ አሳፍሪ። ለወራት ተዘግቶ የተከፈተ ኮስተር በፓርኩ ውስጥ ብዙ ዓይን ያረፈበት እሱ ነው። ግን ሁሉን ማመን እንዳይመስልሽ። ቋሚ ፓርኮችን የፌዴራሉ መንግሥት ከ1981 ጀምሮ አይቆጣጠርም፣ የየግዛቱ ጉዳይ ነው፣ አንዱ ግዛት ጠንካራ ሌላው ልል ነው። ኦሃዮ ውስጥ ተቆጣጣሪው፣ አትሳቂ፣ የግብርና መሥሪያ ቤቱ ነው። እዚያው ኦሃዮ በ2017 ስቴት ፌር በሚባለው የግዛቱ ባዛር ላይ ፋየር ቦል የተባለው የሚወዛወዝ መጫወቻ ተሰብሮ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ሞተ፣ ሌሎች ሰባት ሰዎች ተጎዱ። የዚያኑ ዕለት ተፈትሾ አልፎ ነበር። ብረቱ ከውስጥ በኩል በዝገት ተበልቶ ነበር፣ ከውጭ አይታይም። ስለዚህ የፍተሻ ወረቀት ተለጥፏል ማለት ሁሉም ነገር ታይቷል ማለት አይደለም። እንደኔ ከትልቁ ፓርክ ኮስተር ይልቅ በየሳምንቱ ተነቅሎ በጭነት መኪና የሚጓዘው የካርኒቫል መጫወቻ ላይ ነው የምጠነቀቀው።

አንቺ ልታዪው የምትችይው ነገር አለ። ሠራተኛው የልጅሽን መያዣ በእጁ ስቦ ይሞክራል ወይስ እየተራመደ በዓይኑ ብቻ ያልፋል? የቁመት መለኪያው ላይ «በቃ ይግባ» ይላል? ይህንን ካየሽ ልጆቹን ይዘሽ ውጪ፣ ማንንም አትፍሪ። አንቺም በበኩልሽ ልጁ ትንሽ ቢያንሰው ተለማምጠሽ አታስገቢ። መያዣው የተሠራው ለሰውነት ልክ እንጂ ለይሉኝታ አይደለም። ከፍታ ላይ ከቆመ ደግሞ ልጁ ዝም ብሎ ይቀመጥ፤ ቀበቶ ፈትቶ መውረድ የሚባል ነገር የለም፣ ስልክ አውጥቶ መቅረጽም ቢቀር። እላይ ላይ የቆመ ባቡር የትም አይሄድም፤ ሰው የሚጎዳው ሊወርድ ሲሞክር ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ አልዋሽሽም። ቲኬቱ ላይ «ማንኛውም መጫወቻ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊዘጋ ይችላል» የሚል አለ፣ በዚያ ተከራክረሽ ሙሉ ገንዘብ ታስመልሻለሽ ብዬ አልጠብቅም። ሆኖም ከወረፋ ሲያስወጧችሁ ዝም ብላችሁ አትሂዱ። እዚያው ያለውን ሠራተኛ ኋላ ተመልሳችሁ የምትሳፈሩበት ወረቀት ጠይቂ፣ ከሌለው የእንግዳ አገልግሎት ቢሮ ሂጂና ስንት ሰዓት እንደተሰለፋችሁ በረጋ መንፈስ ንገሪያቸው። ኋላ ያለ ሰልፍ የምትሳፈሩበት ፈቃድ ወይም የሌላ ቀን መግቢያ የሚሰጡ አሉ። የሚሰጡት ግን ለጠየቀ ነው። ሀበሻ ደግሞ ይሉኝታ ይዞት አይጠይቅም፣ መኪና ውስጥ ገብቶ ነው የሚሳደበው።

ምን ታድርጊ? አንድ ኮስተር ብለሽ አራት ሰዓት አትንጂ። ለልጁም «እሱን እናሳፍርሃለን» ብለሽ ቃል አትግቢ፣ «ካለ እንሳፈራለን» በይው። የመጀመሪያ ዓመቱን የያዘ አዲስ ኮስተር ከሆነ እንዲያውም አንድ ዓመት ታገሺ። ከመነሳትሽ በፊት ማታ፣ ከዚያም ጠዋት የፓርኩን አፕ እዪ። በር ሲከፈት ትልቁ ላይ ቀድማችሁ ድረሱ፤ ገና በሙከራ ላይ ከሆነ አትጠብቁ፣ አልፋችሁ ሌላውን ያዙና ማታ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው ተመለሱ፣ ያኔ ወረፋው ይቀላል። ወረፋ ላይ እያላችሁ ከቆመ ሃያ ደቂቃ ስጡት። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ባዶ ባቡር ሲዞር ካያችሁ ቆዩ፣ ሊከፈት ነው። ባዶ ባቡር ካልዞረና ሰማያዊ ወይም ግራጫ ቱታ የለበሱ ሰዎች የመሣሪያ ሳጥን ይዘው ደረጃውን ሲወጡ ካያችሁ ውጡ። አንድ ሰዓት ከሃያ ጠብቀናል ብላችሁ አትቆጩ፣ የሄደው ሄዷል። ሳጥኑን የተሸከምኩት እኔ ብሆን ቶሎ አልመለስም።

ባለቤትሽ ግን የእውነት መካኒክ ከሆነና መዝገብ መጻፍ የማይሰለቸው ከሆነ፣ ፓርኮች ለብርዱ ወራት ጥገና ሰው የሚፈልጉት ከመስከረም በኋላ ነው። ያመልክት። በአንድ ሰዓት እቀይረዋለሁ ያለውን ቃለ መጠይቁ ላይ እንዳይደግመው ብቻ።